በዛፎች መካከል የተገኘ ሞፈር

ለደከመው ጥላ፣ ለተጠማው ምንጭ የሆነች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በደብረ ጽላሎት ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ ልመናዋና ምልጃዋ ነቅቶ ከሚሰማው ጋራ ይሁን፣ እያንቀላፋ ከሚሰማውም አይለይ፤ አሜን።

በደብረ ጽላሎት አገር ቢያድግልኝ የሚባል፣ የክርስትና ስሙም ክፍለ ማርያም የሆነ አንድ ገበሬ ነበረ። ይህም ሰው እመቤታችንን ከልቡ ይወዳት ነበርና፣ በየማለዳው በሬዎቹን ከመጥመዱ አስቀድሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ በር ይሄድና፣ በበሩ ከቆመው ሽማግሌ ወይራ ሥር ተንበርክኮ የገብርኤልን ሰላምታ ያደርስላት ነበር፤ ይህን ሳያደርስም ከሰው ጋራ ላይነጋገር ተስሎ ነበርና፣ በመንገድ እንደምን አደርክ ያሉትን ሁሉ በቅንድቡ ብቻ እየመለሰ ያልፍ ነበር፤ እንግዳ ሰውም ኩሩ ነው ብሎ ያማው ነበር። ወር በገባ በሃያ አንድም ዝክሯን ያወጣል፣ ድኻም ያበላል፤ ሚስቱም እንጉዳይ ከእርሱ በማታንስ ፍቅር ታግዘው ነበር፤ ልጃቸውም አትጠገብ የምትባል አንዲት ብቻ ነበረች፣ ከእርሷ በፊት የተወለዱት አልበረከቱላቸውምና።

የደብረ ጽላሎትንም ዐጸድ ያላያችሁ ስሙ። በዚያ አገር ተራራው ሁሉ ተመንጥሮ ስላለቀ፣ የተረፈ ጫካ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ብቻ ነበር፤ ወይራውና ጥዱ፣ ዝግባውና ኮሶው እዚያ ተጠግተው ቆመዋል፤ ወፉም ሚዳቋውም ሌላ ማደሪያ ቢያጣ እዚያው ተጨናንቆ ይኖራል፤ ጉሬዞቹም ጥቁርና ነጭ ለብሰው በቅርንጫፍ ላይ ሲሰለፉ ማኅሌት የረፈደባቸው ደባትር ይመስላሉ። ከዛፎቹም ሥር ጸበል ይፈልቃል። ስለዚህም አባቶች ከጥንት ጀምሮ ግዝት ጥለው ነበር፤ ይኸውም በራሱ ጊዜ የወደቀ እንጨት ለቤተ ልሔም እሳት ይለቀማል እንጂ፣ ቆሞ የለመለመውን ማንም በምሳር እንዳይነካ ነው።

የቢያድግልኝም ማሳ ከዚህ ዐጸድ ጋራ ይዋሰን ነበር፤ ድንበሩም የድንጋይ ክምር ነበር። አባቱ በሕይወት ሳለ «ከክምሩ ወዲያ የእመቤቴ፣ ከክምሩ ወዲህ የእኛ» ብሎ አሳይቶት ነበርና፣ እርሱም ያንኑ ይዞ ኖረ። ነገር ግን በዚያ አገር ያሉ ገበሬዎች ሁሉ የሚያደርጉትን እርሱም ያደርግ ነበር፤ ይኸውም በየዓመቱ ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ ከክምሩ ላይ ይወረውርና፣ ክምሩ ሲከብድ ወደ ዛፎቹ ይናዳል፤ ከወዲህ የቀረውንም ድንጋይ ማረሻ እንዳይሰብር ብሎ ገፋ ያደርገዋል፤ በተገፋውም ልክ አንዲት ትልም ትጨመራለች፤ በዚያች ትልም ላይ የበቀለ ቁጥቋጦ ቢያገኝ ቁጥቋጦ ዛፍ አይባልም ብሎ ይመነጥረዋል፤ ቆይቶም ለብቻው የቀረው ዛፍ ሥሩ በማረሻ ሲቆረጥ ይደርቃል፣ ሲደርቅም ይወድቃል፤ በራሱ ጊዜ የወደቀ ነውና ግዝት አይነካውም። ይህን ሁሉ ሲያደርግ በልቡ ክፋት አልነበረበትም። አባቱም እንዲሁ አድርጎ ነበርና፣ ድንጋይ ሲገፋ ማን ያያል? አንዳንድ ጊዜ ብቻ ማረሻው ከመሬት ውስጥ ሥር ይይዘውና ይሰበራል፤ አባቱንም በልጅነቱ ቢጠይቀው «የመሬቱ ጅማት ነው» ብሎት ነበር፤ እርሱም አመነ።

ከዕለታት አንድ ቀን በሰኔ ወር፣ ቢያድግልኝ ማሳውን አጋምሶ ሳለ እንጉዳይ ከደጅ ሆና ጮኸች፤ አትጠገብ ከምድጃው አጠገብ ወድቃ ነበርና። እርሱም በሬዎቹን ፈትቶ ለቀቀ፤ ሞፈሩንም በትልሙ ውስጥ እንደ ቆመ ትቶ ሮጠ። ልጅቱም በትኩሳት ነደደች፣ ሰውም መለየት አቃታት። ወደ ጸበሉም ቅል ይዞ ወረደ፤ ነገር ግን በአባቱ ዘመን እየተንፎለፎለ ይወርድ የነበረው ጸበል ጠብ፣ ጠብ ይል ነበርና፣ ቅሉ እስኪሞላ ቆሞ ሲጠብቅ ፀሐይ ጠለቀችበት፤ ልጄ ሳልደርስላት ሞተች እያለም አለቀሰ።

በሰኔም ማርያም በዓል፣ የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን በስሟ በታነጸችበት ቀን፣ ሕዝቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ዝናብ ወረደ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ጠባብ ናትና ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ሕፃን እንዳዘሉ በውጭ ቆመው ይበሰብሱ ነበር። ቢያድግልኝም ይህን አየና፣ ልቡ ስለ ልጁ ተቃጥሎ ነበርና፣ በሰው ሁሉ ፊት እጁን ዘርግቶ «እመቤቴ ሆይ፣ ልጄን ከማርሽልኝ ቤትሽን አሰፋልሻለሁ! ሳልከፍልም እርፍ አልጨብጥም!» ብሎ ተሳለ። ሕዝቡም እልል አለ። ወደ ቤቱም በተመለሰ ጊዜ አትጠገብ ተቀምጣ አገኛት፤ «አባዬ፣ ራበኝ» አለችው። ደስታውም ከመጠን በላይ ሆነ፤ ይህ ሁሉ መልካም ነው።

ነገር ግን ምእመናን ሆይ፣ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ቤት የሚሰፋው በእንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ በዚያ አገር ከዐጸዱ በቀር የለም። ቢያድግልኝም ይህን ያሰበው ከተሳለ በኋላ ነበረ። ስለዚህም ወደ ቄሰ ገበዙ ወደ አባ ልሳነወርቅ ሄደና ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም «ልጄ፣ ግዝቱን ጠብቅ ብልህ ስለትህን አፈረስኩብህ፤ ስለትህን ክፈል ብልህ ግዝቱን አፈረስኩ። እስኪ ልደርበት» አሉት። በማግሥቱም ቢመጣ «እስኪ ልደርበት» አሉት።

ነገሩም በደጀ ሰላም ተሰማና ሰው ሁሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ለራሷ ቤት እስከሆነ ድረስ ምን ነውር አለው?» ሲል፣ ሌላው «የእናትህን ቀሚስ ቀደህ መቀነት ልትሰጣት ነው?» ይላል፤ ከዚያም ይሰዳደባሉ፤ ከዚያም ይታረቃሉ፤ ከዚያም እንደ ገና ይጀምራሉ። ቢያድግልኝም ሁለቱንም ሲሰማ ሁለቱም እውነት ይመስሉት ነበርና፣ ልቡ በሁለት በሬ እንደሚጎተት ሆኖ ሳይበላ ይውል ነበር። ሌላው ገበሬ ጤፉን ሲዘራ የእርሱ ማሳ እንደ ተተወ ቀረ፤ ሞፈሩም በመካከል ዝናብ ይመታው ነበር።

በሐምሌም ወር ትኩሳቱ ወደ አትጠገብ ተመለሰ። ያን ጊዜ ቢያድግልኝ ስለቴን ስላዘገየሁ እመቤቴ ልጄን ልትወስድብኝ ነው አለ፤ ወደ ቄሰ ገበዙም ሮጦ በእግራቸው ላይ ወደቀ። እርሳቸውም ባዩት ጊዜ አነቡና «በባዶ ሆድህ፣ ጸሎትህን አድርሰህ ግባ። ከፈቀደች ዛፉን ታሳይሃለች፤ ካልፈቀደችም ታውቀዋለህ» አሉት።

«በምን አውቀዋለሁ አባቴ?»

«እኔስ በምን ልወቅ?» አሉት፤ ባረኩትም።

በማግሥቱም ማለዳ ምሳሩን ተሸክሞ፣ ከወይራው ሥር ተንበርክኮ ሰላምታውን አድርሶ ገባ። ልቡ የፈቀደው በጸበሉ አጠገብ ያለውን ረጅም ዝግባ ነበር፤ ስፍራውንም እንደ ቤቱ ጓዳ ያውቀዋል። ነገር ግን ጥቂት እንደ ሄደ ጉም ወረደ፤ ጉሙም ነጭ ሆኖ በዛፎቹ መካከል ተኛና፣ ከእጁ ወዲያ ያለው ሁሉ ጠፋበት። ወደ ዝግባው ያመራሁ ሲመስለው ከኮሶ ጋራ ተጋጨ፤ ከኮሶው ሲመለስ ፈጽሞ አይቶት የማያውቀው፣ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ጥድ በፊቱ ቆመ። «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ። የሚመልስለት ግን አልነበረም፤ ጉሬዛ ብቻ ከላይ ሆኖ ጉርር አለበት።

ዐጸዱ ትንሽ ነው፤ ከወዲህ ጫፍ የተናገረ ከወዲያ ጫፍ ይሰማል። ቢያድግልኝም ይህን ያውቃልና፣ ቀጥ ብዬ ከሄድኩ እወጣለሁ አለና ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ሄደ፤ ዛፉ ግን አላለቀም። ደወል ቢሰማ ወደ ደወሉ ዞረ፤ ደወሉም ከኋላው ተሰማው፤ ወደ ኋላ ቢዞር ከግራው ሆነ። ቅርንጫፎቹም እየወረዱ ነበርና ጎንበስ ቀና ሲል ወገቡ ደከመ፤ አጋሙም ኩታውን እየያዘ አስቸገረው። የእንጉዳይንም ድምፅ ሰማ፤ «ቢያድግልኝ! አንተ ቢያድግልኝ!» ትላለች፤ እርሱም «እዚህ ነኝ!» እያለ ጮኸ፤ እርሷ ግን የሰማች አትመስልም። ያን ጊዜ ልጄ ሞታ ነው እንጉዳይ የምትጠራኝ ብሎ ከነምሳሩ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ «እመቤቴ፣ ልግባ ወይስ ልውጣ? ልቁረጥ ወይስ ልተው? ቁጣሽም ይሁን ፈቃድሽ ለይቼ አላወቅሁትም!» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ወዲያውም ከጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት መጣች፤ ሕፃን አዝላለች፤ በክንዷም የደረቀ ጭራሮ ታቅፋለች፣ የወደቀውን ትለቅም ነበርና። ባየችውም ጊዜ ቆመች፤

«ወንድሜ፣ ምን ጠፋብህ?» አለችው።

«መውጫው ነው የጠፋብኝ፣ እኅቴ።»

«ምሳሩስ?»

«ስለት አለብኝ። ለእመቤቴ ለማርያም እንጨት ልቆርጥላት ነው።»

«ከየት?»

ቢያድግልኝም ተንተባተበ፤ «ከ... ከእርሷው» አለ። በአፉ ሲወጣ ለራሱም ጆሮ ጥሩ አልሆነለትም።

ሴቲቱም ፈገግ አለች፤ ያዘለችውንም ሕፃን እሹሩሩ እያለች «ከእርሷው ወስደህ ለእርሷው ልትሰጥ ነዋ። ከራስህ የምትሰጣት የለህም?» አለችው።

«ድኻ ነኝ እኅቴ። ያለችኝ ከወንዝ ማዶ አንዲት ጭንጫና ከዚህ ከዐጸዱ ውጭ ያለች ማሳ ናት።»

«ከዐጸዱ ውጭ?» አለችና፣ ጭራሮዋን በክንዷ አስተካክላ «ሂድ እንግዲህ ፈልጋት። ስታገኛት ታውቃታለህ፤ ምልክት ትተህባታል» አለችው። ይህንም ብላ አለፈች፤ ከረገጠችውም ሣር ላይ አንድ ጤዛ እንኳ አልረገፈም፤ እርሱ ግን ግራ ተጋብቶ ነበርና ይህን ያስተዋለው በኋላ ነው።

ከዚያም ተነሥቶ ጥቂት እንደ ተራመደ እግሩን አንድ ነገር መታውና በግንባሩ ተደፋ። ቢዳብሰው እንጨት ነው፤ ደግሞ ቢዳብሰው ሞፈር ነው፤ ቀና ብሎ ቢያየው ደግሞ የገዛ ራሱ ሞፈር ነው፤ አምና ተሰብሮ ራሱ በጠፍር የጠገነው ስፍራ እንኳ እንዳለ ነው። ከአንድ ግዙፍ ወይራ ሥር ቆሟል። ቢያድግልኝም ተቈጣ፤ «የትኛው ሌባ ነው ሞፈሬን ጎትቶ ጫካ ያመጣው?» አለ። ሊያነሣውም ጎንበስ ባለ ጊዜ፣ ሞፈሩ በትልም ውስጥ እንደ ተተከለ አየ። ትልሙም አትጠገብ በታመመችበት ቀን ራሱ የጀመረው ትልም ነው፤ በዛፎቹ መካከል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የወይራውም ሥሮች ተሻግረውታል፤ ከእነርሱም አንዱ በማረሻ ተበጥሶ ገና እርጥብ ነው።

ያን ጊዜ ገባው። ሞፈሩን ማንም አላመጣውም፤ ከተወበት አልተንቀሳቀሰም። ከማለዳ ጀምሮ መውጫ ያጣበት ጫካ የገዛ ማሳው ነበረ፤ አባቱና እርሱ ድንጋይ እየገፉ ያረሱት፣ በራሱ ጊዜ ወደቀ እያሉ ያነደዱት ዛፍ ሁሉ፣ በእመቤታችን ዘንድ አንዱም ሳይጎድል ቆሞ ነበረ። የመሬቱ ጅማት የተባለውም ይህ ነበረ። ቢያድግልኝም ምሳሩን ጣለና «ወየው! ወየው! እኔ ለአንቺ ሰጪ መስዬ!» ብሎ ወይራውን በሁለት እጁ አቀፈው፤ ግንዱም ሸካራ ነበረ፣ ቀዝቃዛም ነበረ፤ አጥብቆም ባቀፈው ጊዜ እጆቹ እርስ በርሳቸው ተጋጠሙ፣ በመካከላቸውም አንዳች ነገር አልነበረም።

ዓይኑንም ቢገልጥ በማሳው መካከል ለብቻው ቆሟል። ፀሐይ ወጥታለች። ከሞፈሩና ከጭቃው በቀር የሚታይ የለም፤ ዐጸዱም ወዲያ ርቆ፣ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ከዚህ ቀደም ማሳው ባዶ መስሎት አያውቅም ነበርና፣ ያን ቀን ግን ባዶነቱን አይቶ ልቡ ተሰበረ።

እንጉዳይም ከጎረቤት ሰዎች ጋራ ከድንጋዩ ክምር ላይ ቆማ፣ እጇን በራሷ ላይ ጭና ነበር፤ እየሮጠችም መጥታ ያዘችው፤ «አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? ከዐጸዱ በዚያ በኩል ወጥተህ ከማለዳ ጀምሮ በባዶ ማሳ ላይ ምን ሆነህ ነው የምትጎነበሰው? ስጠራህ ወዲያ ትዞራለህ! ደግሞስ ከማን ጋራ ነው የምታወራው?»

«ጉሙስ?» አላት።

«የምን ጉም? ፀሐዩ አናቴን እየበሳኝ!»

«ልጅቱስ?»

«ትኩሳቱ ለቋታል። ቆሎ አምጡልኝ እያለች ነው። እርሷ ዳነች ስል አንተ አበድክብኝ እንጂ!» አለችና ደረቱን እየመታች አለቀሰች።

እርሱም ያየውን ሁሉ አንድ ሳይቀር ነገራት። እንጉዳይም የቤቱን እህል የምትሰፍረው እርሷ ናትና፣ «ማሳው ከሄደ ምን እንበላለን?» አለችው። «አላውቅም» አላት። እውነቱን ነበር፣ አያውቅም። እርሷም ወደ ክምሩ ሄደች፤ ካሉትም ደንጊያዎች ከበድ ያለውን መርጣ በሆዷ አስደግፋ ተሸከመችና፣ እያቃሰተች ወደ ሞፈሩ መጥታ፤

«እዚህ ነው?» አለችው።

«ትንሽ ወዲህ» አላት።

በዚያችም ድንጋይ ቅጥሩ ተጀመረ። ቄሰ ገበዙም መጥተው በሞፈሩ ሥር ቢያስቆፍሩ፣ የግዙፍ ወይራ ጉቶ ከምድር ውስጥ ወጣ፤ እርሳቸውም ተንበርክከው ጉቶውን ተሳለሙና «ስንደርበት የኖርነው ነገር ይህ ነበረ» አሉ። ከዚያም ሕዝቡ ክምሩን እያፈረሰ፣ ከሞፈሩ ወዲህ ባለው በጥንቱ ድንበር ላይ ቅጥር ሠራ፤ ማሳውም ከነትልሙ ወደ ዐጸዱ ገባ፤ «ቤትሽን አሰፋልሻለሁ» ያለው ቃል በዚህ ተፈጸመ። አዋሳኞቹም ብዙዎቹ ይህን አይተው በየድንበራቸው ያለውን ድንጋይ መለሱ፤ ዳምጤ የሚባል አንድ ጎረቤት ብቻ «እኔ አልተሳልኩም፣ አልጠፋሁምም» ብሎ እንቢ አለ። የእርሱ ዘሮች ዛሬም በጥጉ በኩል ገፋ ያደርጋሉ ይባላል፤ እግዚአብሔር ልቡና ይስጣቸው፣ ጉምም ይስደድላቸው።

ቢያድግልኝና እንጉዳይም ያን ዓመት ከጭንጫዋ በተገኘችው ጥቂት ገብስ ኖሩ፤ ጠግበው አደሩ ብዬ አልዋሻችሁም፤ አትጠገብ ግን በመካከላቸው ትስቅ ነበር። ሞፈሩንም ለእመቤታችን ብለው ከዚያው ተዉት፣ ምስጥም በላው። ከብት የማይደርስበት ስፍራ ሆኗልና በመጀመሪያ ሣሩ፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦው፣ ከዚያም ጥዱና ወይራው በቀለ፤ ጸበሉም ከዓመት ወደ ዓመት እየበረታ መጣና እንደ ቀድሞው ይንፎለፎል ጀመር።

ቢያድግልኝም እስኪያረጅ ድረስ በየማለዳው ሰላምታውን አልተወም፤ ወደ ወይራውም ሲሄድ በቀድሞው ማሳው ውስጥ ያልፍ ነበር። በዚያም ሲያልፍ፣ ገና ምንም ያልበቀለበት ሜዳ ሳለ እንኳ፣ ያን ቀን ቅርንጫፍ ባየበት ስፍራ ሁሉ ጎንበስ ይል ነበር፤ ልጆችም ይስቁበት ነበር፤ እንጉዳይም «ቀና በል፣ ሰው ያያል» ትለው ነበር። እርሱ ግን አልተወም። ዓመታትም አለፉ፤ አትጠገብም አግብታ ወለደች፤ ልጇም ክርስትና በሚነሣበት ቀን ዝናብ ወርዶ ሴቶቹ ሁሉ ከአዳዲሶቹ ዛፎች ሥር ተጠልለው ሳሉ፣ ቢያድግልኝ የልጅ ልጁን ለማየት ቸኩሎ፣ መጎንበሱን ረስቶ ቀጥ ብሎ ሲያልፍ፣ አንድ ቅርንጫፍ ከግንባሩ መታውና ኩታውን ከትከሻው ወስዶ አንጠለጠለው። ሽማግሌውም ግንባሩን ይዞ ቆመ፤ ቀና ብሎም ዛፉን አየውና «ደረስክ?» አለው፤ እያለቀሰም ሳቀ፤ በዚያ የቆሙትም ሁሉ ከእርሱ ጋራ እመቤታችንን አመሰገኑ፣ ልጇንም አከበሩ።

በዚያች ቀን መንገዱን ያሳጣችው፣ በማሳጣትም መንገዱን ያሳየችው እመቤታችን፣ ድንበር ለገፋነው ለእኛም ግራ የምንጋባበትን ቀን አታስቀርብን፤ የወሰድነውን እንድንመልስ ጉልበት፣ የመለስነውም ሲበቅል እንድናይ ዕድሜ ትለምንልን፤ የልጆቻችሁ ግንባር የሚያርፍበት ጥላ፣ ቅላችሁም የሚሞላበት ምንጭ አይታጣ፤ ይህን ያነበበውን፣ የሰማውንም፣ ከደጅ ሆኖ ያዳመጠውንም ልጇ ወዳጇ ይማር፤ ለዘለዓለም፣ አሜን።